ለማገጠ መቶ ገጽ፣ ለላጤ አንድ መስመር

በአማርኛ ታዋቂ ልብ ወለዶች ውስጥ በትዳሩ ላይ የሚማግጥ ሰው ሰፊ ቦታ አለው። መኪናው፣ የስልኩ የይለፍ ቃል፣ ለሚስቱ የሚደረድርላት ሰበብ፣ ሆቴል ገብቶ ያዘዘው መጠጥ ሳይቀር በዝርዝር ይጻፍለታል። ብቻዋን የምትኖር ሴት ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ አልፋ ከተገኘች ወይ ልታገባ ነው፣ ወይ የሌላዋን ትዳር ልታናጋ ነው፣ ወይም ዓለም በቃኝ ብላ ልትመንን ነው። ከእነዚህ ውጭ ሠርታ የምትበላ፣ ኪራይ የምትከፍል፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስማ ከሰዓት በኋላ ልብሷን የምታጥብ ላጤ የልብ ወለድ ዋና ሰው ሆና ማግኘት ከባድ ነው።

የዚህ መዛነፍ ምክንያት የደራስያን ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። ከገበያውም፣ ከቀደሙት ልብ ወለዶች ከወረስነው አተራረክም፣ ከጋብቻ ልማዳችንም የመጣ ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ጉዳዩን ለማየት የተመቸ ስፍራ ነው፤ ከቀደምቶቹ ደራስያን አንዳንዶቹ የበቀሉበት አገር ከመሆኑም በላይ፣ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከወላጅ ቤት ወጥተው ብቻቸውን የሚኖሩ ወጣቶች ዓይናችን እያየ የበዙበት አካባቢ ነው።

ከገበያው ልጀምር። ደብረ ብርሃን ላይ መጽሐፍ የሚሸጠው በጥቂት መደብሮች ነው፤ ይበልጡን ግን በአዟሪዎች እጅ ነው። አዟሪው ክምሩን ከመዳፉ እስከ አገጩ ደርድሮ ከካፌ ካፌ ሲዞር ከላይ የሚያደርጋቸው መጻሕፍት ገበያው ወዴት እንዳጋደለ ይናገራሉ። ሽፋናቸው ላይ እንባ ያቀረረ የሴት ዓይን፣ የወለቀ ቀለበት ወይም ፊቱን ያዞረ ወንድ አለ። የታሪኩና የፖለቲካው መጽሐፍ ከሥር ነው። ገዢ ሲያገኝም ስለ ደራሲው ብዙ አያወራም፤ «ይቺ ባሏን እጅ ከፍንጅ የያዘችበት ናት»፣ «ይኼ ከጓደኛው እጮኛ ጋር የሆነው ነው» ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው። ካፌ ውስጥ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ተነግሮ የማያልቅ ታሪክ በአዟሪ እጅ ብዙ ርቀት አይሄድም፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ዕለታዊ ኑሮ ደግሞ በባሕርዩ እንዲህ ተጠቅልሎ የሚነገር አይደለም።

አብዛኛው የአማርኛ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው ከራሱ ወይም ከዘመድ በተበደረው ገንዘብ መሆኑ ነገሩን ያብሰዋል። የወረቀት ዋጋ እየናረ፣ አከፋፋዩ ድርሻውን እየቆረጠ፣ መጽሐፉ ገበያ በወጣ በሳምንቱ ደግሞ ገጾቹ በስልክ ተነሥተው ቴሌግራም ላይ እየተለቀቁ፣ ደራሲው የተሞከረውንና የተሸጠውን መንገድ ቢመርጥ አያስፈርድበትም። ዩቲዩብ ላይ በክፍል በክፍል የሚቀርበው ትረካ ደግሞ የራሱን ግዴታ ጨምሯል። እያንዳንዱ ክፍል አድማጩን ለቀጣዩ አንጠልጥሎት ማለቅ ስላለበት በየአሥራ አምስት ደቂቃው የሚከፈት በር፣ የሚጠራ ስልክ፣ የሚገለጥ ምስጢር ያስፈልጋል። መማገጥ ይህን ሁሉ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ ሁለት ሕይወት፣ አንድ ውሸት፣ የማይቀር መጋለጥ። ለጸሐፊ እንዲህ ያለ ምቹ ነገር ጥቂት ነው።

ገበያው ግን ሁሉን አይገልጥም፤ ለምን ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፍርድ ይዞ እንደሚያልቅ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል።

በመንዝ፣ በተጉለት፣ በይፋትና በቡልጋ የነበረው ባላገር ከአንድ በላይ ዓይነት ጋብቻ ያውቅ ነበር። የሰማንያ ጋብቻ የሁለቱ ወገን ከብትና እህል ተቆጥሮ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ በሽማግሌ ፊት የሚፈጸም ውል ሲሆን እንደ ማንኛውም ውል ሊፈርስ ይችላል። የቁርባን ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸምና የማይፈታ በመሆኑ ከካህናቱ በቀር ብዙው ሰው የሚቆርበው ዕድሜው ከገፋ፣ ልጆቹን ከዳረ በኋላ ነበር። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ሴቲቱ ለምትሰጠው አገልግሎት ክፍያ የሚታሰብላት የደመወዝ ጋብቻ ነበር፤ መንገደኛው፣ ወታደሩና ነጋዴው የሚያዘወትሩት ነው። ሰማንያ ሲፈርስ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ይዛው የመጣችው ይመለስላታል፣ አብረው ያፈሩት ይካፈላል። ሴት ልጅም ከአባቷም ከእናቷም ርስት የመውረስ መብት ስለነበራት፣ ቢያንስ ርስት ካለው ቤት የተወለደችው ከባሏ ስትፋታ የምትመለስበት መሬት አላት።

ይህን የማነሳው የድሮውን ለማሞገስ አይደለም። በዚያው ሥርዓት ውስጥ ሕፃናት ሳያውቁት ይዳሩ ነበር፤ ባል ቅምጥ ቢያስቀምጥ እንደ ወንድነት ሲታይለት ሚስት ብትወሽም ግን ደም ሊያፋስስ ይችል ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ባላገሩ መማገጥን የሚዳኘው በንብረት፣ በክብርና በካሳ ቋንቋ ነበር፤ «ልቤን ሰበረው» የሚለው አቤቱታ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ መልስ የሚያገኝ አይመስለኝም። ፈት ሴትም የታወቀ ቦታ ነበራት። ጎጆ ይዛ፣ መሬቷን እኩል አሳርሳ ትኖራለች፤ ስታረጅ ቆብ ትደፋና እማሆይ ትባላለች። ዛሬም ከደብረ ሲና ወደ አንኮበር፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ የሚሄድ ሰው በየአጥቢያው ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ እማሆዮችን ያያል። ብዙዎቹ ከገዳም የመጡ አይደሉም፤ ባል ቀብረው ወይም ፈትተው በገዛ ቤታቸው የመነኮሱ ናቸው። ማኅበረሰቡ የሴትን ብቸኝነት ያለ ጥርጣሬ የሚቀበልበት መንገድ ይኸው ነበር።

የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወለድ ይህ ሁሉ ከፊቱ ነበር። ከመርሐ ቤቴ የወጡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ»ን ሲያሳትሙ ርእሰ ጉዳያቸው ጋብቻ ነበር፤ ማን ማንን፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን ሥርዓት ያግባ የሚለው። ለኅሩይ ጋብቻ አገርን የማሻሻያ መሣሪያ ነው። የተማረ ባልና የተማረች ሚስት ተስማምተው ቤት ቢያቆሙ አገር ይቆማል ብለው ያምናሉ። እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ ላጤ የሚሆን ቦታ አይኖርም፤ ገና ያላገባ ሰው ገና ያልተጀመረ ሥራ ነውና። ይህ የማስተማር ዝንባሌ ከእርሳቸው በኋላ የመጡትን ብዙዎች ተከትሏል፤ ዛሬ በመጨረሻው ምዕራፍ ማጋጩን በበሽታ ወይም በድህነት የሚቀጣ ደራሲም፣ ሳያውቀው ቢሆንም፣ የዚያ ትውልድ ልጅ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ የጎጃም ይሁን እንጂ በዚህ በኩል ያለውም ሰው እንደ ራሱ ታሪክ ነው የሚያውቀው፤ ብዙው ያወቀውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። መጽሐፉ ሁልጊዜ በፍቅር ታሪክነቱ ይነሣል። ሰብለ ወንጌል ከበዛብህ ጋር ከመገናኘቷ በፊት ምን እንደነበረች ግን ብዙም አይወራም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጄ የሚመጥን ዘር የለም እያሉ የመጣውን ሁሉ ሲመልሱባት ቆማ የቀረች ልጅ ናት፤ የእርሷ ላጤነት የአባቷ የዘር ቆጠራ ውጤት ነው። በዛብህም በበኩሉ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ በመሆኑ ከዓለማዊ ትዳር ተከልክሎ ያደገ ነው። ሁለት በሌላ ሰው ውሳኔ ላጤ የሆኑ ሰዎች ተገናኙ ማለት ነው። ሐዲስ የላጤነትን ማኅበራዊ ምክንያት ይህን ያህል በጥልቀት ካሳዩ በኋላ ሰብለን ወደ ቆብ መላካቸው በዘመኑ ከነበረው ኑሮ የተቀዳ ነው፤ ሌላ መውጫ አልነበራትም። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ልብ ወለድ ግን ያንን መጨረሻ ከምክንያቱ ነጥሎ ወረሰው። የዛሬዋ ገጸ ባሕርይ ደመወዝ አላት፣ የባንክ ሒሳብ አላት፣ ዘሯን የሚቆጥርባት የለም፤ ሆኖም ፍቅር ካልሰመረላት ደራሲው የሚያደርጋት አጥቶ ወይ ይገድላታል ወይ ገዳም ያስገባታል።

በ1962 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት መጡ፤ ሁለቱም ለዚህ ጉዳይ ያገለግላሉ። በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራ ወርቁ ዘመዶቹ አግባ ውለድ እያሉ የሚወተውቱት፣ ቢሮ መዋል የሰለቸው፣ ሥዕል የሚመኝ የአዲስ አበባ ወንደላጤ ነው። እርሱ ብቻውን መኖሩ አሳቢ፣ ከመንጋው የተለየ፣ ነፍሱን የሚፈልግ ሰው ያሰኘዋል። ይህ ሥዕል ዛሬም አልደበዘዘም፤ ወንድ ላጤ ሲሆን ፈላስፋ ይባላል። ሌላው የደብረ ሲናው ተወላጅ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። ከተማረው ወጣት ይልቅ እኔን ሁልጊዜ የሚስበኝ የርስተኛዋ የወይዘሮ አሰጋሽ ቤት ነው፤ ሴት የምታዝዝበት፣ ጭሰኛው ደጅ የሚጠናበት፣ ንስሐ አባት የሚገባ የሚወጣበት ግቢ። ዳኛቸው ያደገበትን የደብረ ሲናን አካባቢ ስለሚያውቅ በቤቷ ላይ የቆመች ሴት ምን እንደምትመስል ያውቃል። ጨካኝም፣ ብልህም፣ ጸሎተኛም፣ ስስታምም ልትሆን ትችላለች፤ ሰው የምትሆነው ግን ከወንድ ጋር ባላት ግንኙነት ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለች የቤት ባለቤት በታዋቂው ልብ ወለድ ውስጥ እምብዛም አላገኘሁም። አጻጻፉ ከበደን ተብሎ ብዙ አንባቢ ያላገኘው መጽሐፍ በዚህ ረገድ ከተሸጡት ብዙዎቹ የቀደመ መሆኑ ያሳዝናል።

መማገጥ በራሱ እንዴት እንደሚተረክ ለማየት ግን ከ«ኦሮማይ» የተሻለ ምሳሌ የለም። በዓሉ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተለቀመው፣ ደራሲውም በተከታዩ ዓመት እንደወጣ የቀረው በፖለቲካው ምክንያት ነው፤ አንባቢው ግን በእጁ እየገለበጠና እየተዋዋሰ ሲያነበው ያለቀሰው በአብዛኛው በፍቅሩ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም አዲስ አበባ ላይ ሮማን የምትባል እጮኛ አለችው። ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሲሄድ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። በባላገሩ ሚዛን ይህ ቃል ማፍረስ ነው፤ ሮማን የተበደለች ናት። ሆኖም ከመጽሐፉ አንባቢዎች ስንቶቹ ስለ ሮማን ያስባሉ? ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ፀጋዬ ነው፤ ያየውን እናያለን፣ የወደደውን እንወዳለን። ፊያሜታ ሳቋም፣ አነጋገሯም፣ አስመራዋም አላት፤ ሮማን ያላት ሩቅ አገር ሆኖ መጠበቅ ነው። በዓሉ ብልህ በመሆኑ ፀጋዬን ከጸጸት ነፃ አያደርገውም፤ ቢሆንም የእንባችን አቅጣጫ የሚወሰነው በበደሉ ክብደት ሳይሆን ማን እንዲናገር በተፈቀደለት ነው።

የኋለኞቹ ደራስያን ከበዓሉ የወሰዱት ይህን ዘዴ ነው፤ ጸጸቱን ግን አብዛኞቹ ትተውታል። በዛሬው የፍቅር ልብ ወለድ ወንድ ሲማግጥ ምክንያት ይቀርብለታል። ሚስቱ ከወለደች ወዲህ ተለውጣለች፣ ቤቱ ጭቅጭቅ ብቻ ሆኗል፣ የመጀመሪያ ፍቅረኛው ድንገት ከውጭ ተመልሳለች፤ አንባቢ ባይፈቅድለት እንኳ እንዲረዳው ተደርጎ ይጻፋል። ሴት ስትማግጥ የሚቀርበው የአስተዳደጓ ታሪክ ነው፤ እናቷ እንዲህ ነበረች፣ ገንዘብ ትወዳለች፣ ጓደኞቿ አበላሿት። የእርሱ ጥፋት የሆነበት ነገር ሲሆን የእርሷ ጥፋት ማንነቷ ሆኖ ያርፋል። ሦስተኛዋ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ላጤ ናት። ቢሮው ውስጥ ያለች ጸሐፊ፣ ጎረቤት የተከራየች ወጣት፣ ሚስት በችግሯ ያስጠጋቻት የአክስት ልጅ። ባል የሌላት ሴት ሁሉ የሰው ባል ላይ ዓይኗን የጣለች የምትመስለው አንባቢ ይህን ሃምሳ ጊዜ ካነበበ በኋላ ነው።

የማስረጃው ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። ድሮ በልብ ወለድ መማገጥ የሚታወቀው በጎረቤት ወሬ፣ በተረሳ መሐረብ፣ ወይም ሳይታሰብ ከመንገድ በመመለስ ነበር። ዛሬ ዋናው ምስክር ስልክ ነው፤ ባል ሻወር ሲገባ ትራሱ ላይ የተወው ስልክ ይበራል፣ ቴሌግራም ላይ ሁለት ቃል ይነበባል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የታወቀ ነው። ይህን ትዕይንት በጥቂት የስም ለውጥ እየተደጋገመ አንብቤዋለሁ፤ ባልየው ለምን ሁልጊዜ ስልኩን ሳይቆልፍ እንደሚታጠብ እስካሁን የነገረኝ ደራሲ የለም። ከቀልዱ ባሻገር፣ መጋለጡ በአንዲት ቅጽበት የሚያልቅ መሆኑ ዋናውን ጥያቄ ያስቀረዋል። ባልና ሚስት ለዓመታት እያወቁ እንዳላወቁ ሆነው የሚኖሩበት፣ ለልጆች ሲባል፣ ለቤት ሲባል፣ ለዘመድ ሲባል የሚታለፍበት ዝምታ በየሰፈሩ ያለ ነው፤ በመጽሐፍ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ የሚፈነዳ ነገር የለውማ።

ከ1990ዎቹ የቀረ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ሁሉ ባስፈራበት ዘመን በልብ ወለድም፣ በሬዲዮ ድራማም፣ በትምህርት ቤት የድራማ ክበብም የማገጠ ሰው መጨረሻ የደም ምርመራ ወረቀት ነበር። ዘመኑ የጠየቀው ማስጠንቀቂያ ስለነበር አይነቀፍም። መድኃኒቱ ከመጣና በሽታው እንደ ሌላው ሁሉ ተይዞ የሚኖር ከሆነ በኋላም ግን ቅጣቱ ቅርጹን ብቻ ቀይሮ ቀጥሏል፤ አሁን አጥፊው በመኪና አደጋ ይሞታል ወይም ይከስራል።

ሕጉ በዚህ መሀል ሌላ መንገድ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መማገጥን ለፍቺ ከባድ ምክንያት ከሚባሉት መድቦት ነበር፤ ጥፋተኛውን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይለያሉ፣ በንብረት ክፍፍሉም ሊጎዳ ይችላል። በ1992 የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ግን ለመፋታት ጥፋተኛ ፈልጎ ማግኘትን ግዴታ አላደረገም፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ከ1997 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕግ ደግሞ መማገጥ አሁንም በተበዳዩ የትዳር ጓደኛ አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል ነው። ልብ ወለዶቻችን ፍርድ ቤት ሲገቡ ከእነዚህ አንዱንም በትክክል አያሳዩም። ዳኛው ሚስትን ያጽናናታል፣ ባልን ይገሥጸዋል፣ ቤቱም ለተበደለችው ይፈረድላታል። ይህን ያነበበች ሴት እውነተኛው ችሎት ቀርባ ዳኛው ስለ ባሏ ውሽማ ሳይሆን ስለ ቤቱ ካርታና ስለ ልጆቹ ቀለብ ሲጠይቃት ግራ ቢገባት አይገርምም።

ወደ ላጤዋ ልመለስ። ደብረ ብርሃን በንጉሡ ዘመን ከተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ በቀር ብዙ የፋብሪካ ሥራ ያልነበራት ብርዳማ ከተማ ነበረች። በ1999 ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት፣ ከዚያ የቢራ ፋብሪካዎቹ ሲመጡ፣ በ2011 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ከሞጃና ወደራ፣ ከባሶና ወራና፣ ከመንዝ ወረዳዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ከተማዋን ሞሏት። አንዲት ክፍል ለሁለት ወይም ለሦስት ይከራያሉ። የሌሊት ፈረቃ የገባችው ስትመለስ የቀን ፈረቃዋ ትነሣለች፤ ፍራሹ ሳይቀዘቅዝ ባለቤት ይቀይራል። ከደመወዝ ላይ ዕቁብ ይጣላል፣ ለወላጅ ይላካል፣ ለታናሽ ወንድም ደብተር ይገዛል። አከራይዋ ውሃ የሚቀዳበትን ሰዓት፣ የመብራቱን ድርሻ፣ በር የሚዘጋበትን ሰዓት ትነግራቸዋለች፤ ወንድ ማስገባት እንደማይቻል ደግሞ ገና ዕቃ ሳይራገፍ ይነገራል። ወንድ ተከራይ ይህ ሁሉ አይነገረውም።

እነዚህ ሴቶች ያነብባሉ። አንዷ ያመጣችው መጽሐፍ ግቢውን ዞሮ ሽፋኑ ተገንጥሎ ነው የሚመለሰው፤ ስልክ ያላት ትረካውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ትሰፋለች። በሚያነቡት ውስጥ ግን ራሳቸውን አያገኙም። የልብ ወለዷ ላጤ ቦሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አላት፣ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናት፣ መኪና ትነዳለች፣ ማታ ማታ ወይን ይዛ በረንዳ ላይ ትቆማለች፤ ያልተሟላላት ወንድ ብቻ ነው። ሁለት መቶ ገጹም እርሱ እስኪመጣ የሚሞላ ጊዜ ነው። የደብረ ብርሃኗ ላጤ ችግሯ ይህ አይደለም። እርሷ የምታሰላው ያገባች እንደሆነ ደመወዟን ማን እንደሚይዘው፣ ፈረቃዋን ትቀጥል እንደሆነ፣ ለእናቷ መላኩን ባሏ ይፈቅድ እንደሆነ ነው። አንዳንዷ አስልታ፣ ለጊዜው ይቅርብኝ ትላለች። ይህ ውሳኔ ከማንኛውም የስልክ መጋለጥ የማያንስ ታሪክ አለው፤ ከአክስት ጋር የሚደረገው ክርክር ብቻ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

በቆላው በኩል ያለው ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬና ከዙሪያቸው ብዙ ሴቶች ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ ከእነዚህም ባል ትተው፣ ልጅ ለአያት ሰጥተው የሄዱ አሉ። በዓመታት የሚቆጠር መለያየት፣ በየወሩ የሚላክ ገንዘብ፣ በድምፅ መልእክት የሚቆም ትዳር ነው። በዚህ መሀል ባል ሌላ ሴት ቢይዝ፣ ወይም ሚስት እዚያው ሌላ ብትወድ፣ ማን ማንን ከዳ የሚለውን በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። በላከችው ብር የተሠራው ቤት የማን ስም ላይ ነው? ልጁን ያሳደገችው አማቷ ለማን ትፈርዳለች? በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ቤታቸውን ያጡና ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የገቡ ቤተሰቦች፣ ከዚያም ወዲህ በቀጠለው ግጭት የተለያዩ ባለትዳሮች ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ይዘውታል፤ ባሏ የት እንዳለ የማታውቅ ሴት ያገባች ናት ወይስ ብቻዋን ያለች? ስለ ዓረብ አገር የተጻፉት ያነበብኳቸው መጻሕፍት በአሠሪዎች ግፍ ላይ ያተኩራሉ፤ ግፉ እውነት ነውና ሊጻፍ ይገባል። ሴቲቱ ስትመለስ የምታገኘው ትዳር ግን ገና አልተጻፈም፤ ከተጻፈም አዟሪው እጅ አልደረሰም።

የምክር መጻሕፍቱን ባጭሩ ልለፍ። ከእንግሊዝኛ እየተተረጎሙና እየተቀናበሩ የሚሸጡት የትዳር መምሪያዎች በአብዛኛው የሚናገሩት ለሴት ነው፤ «ታገሺ»፣ «ተረጂው»፣ «ቤትሽን አሙቂው» ይላሉ። ላጤዋንም እንዴት በቶሎ እንደምታገባ ይመክሯታል እንጂ ባለችበት እንዴት እንደምትኖር አይነግሯትም። ሥራቸው ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ዘዴ በመሆኑ ከልብ ወለዱ ያነሰ እንጠብቅባቸዋለን፤ የሚገርመው ልብ ወለዱ እየዋለ እያደረ እነርሱን መምሰሉ ነው።

አንባቢ የሚያነበው ከኑሮው ለመውጣት ነውና የኪራይ ቤቱን ኑሮ መልሳችሁ ብትነግሩት ማን ይገዛችኋል የሚል ክርክር እሰማለሁ። ከፊል እውነትነት አለው። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ የሰፋች ልጅ ስለ ስፌት መኪና ማንበብ ላትፈልግ ትችላለች። ነገር ግን የሰብለ ወንጌልን ታሪክ ያን ያህል ሰው ያነበበውና የሰማው የፊታውራሪን አዳራሽ ለመጎብኘት ብቻ አልነበረም፤ በየቤቱ አባት የሚመልስባት ልጅ ስለነበረች ነው። የዛሬው ደራሲ የተከራይዋን ክፍል የሚፈራው አንባቢ ስለሚሰለች ሳይሆን፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ያለ ሽማግሌና ያለ ቀብር ታሪክን እንዴት መጨረስ እንደሚቻል የሚያሳየው ቀዳሚ ስለሌለው ይመስለኛል።

አንዳንድ ሙከራ እየታየ ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አጫጭር ትረካ በመጻፍ የጀመሩ ሴት ጸሐፊዎች ስለ ፍቺ፣ ስለ አከራይ፣ አግብቶ ላለመውለድ ስለ መወሰን፣ ያገባ ሰው ወድዶ ስለ መተው በራሷ በሴቲቱ አንደበት ይጽፋሉ፤ ጥቂቶቹም ጽሑፋቸውን ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመዋል። ቋንቋቸው ከመጽሐፍ አማርኛ ይልቅ ለቡና ወሬ የቀረበ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ደግሞ የተሻለው እርሱ ነው። ከእነዚህ እስካሁን ያነበብኳቸው ብዙዎቹ ግን ዋናዋን ሰው ለሁለት መቶ ገጽ በራሷ እንድትቆም ካደረጉ በኋላ የመጨረሻውን ምዕራፍ አሁንም ለሽማግሌዎች ያስረክባሉ።